እማዬ ያበላሸቻቸው ዕቃዎች

በቤታችን ሳሎን ግድግዳ ላይ ለረጅም ዘመን በቅንነት፣ በታማኝነትና ሁልጊዜም ትንሽ ዘግይቶ ሲያገለግል የኖረው የግድግዳ ሰዓት፣ ባደረበት ሕመም ምክንያት በቤት ውስጥ በጥፊና በንቅነቃ ሲረዳ ቆይቶ ባለፈው ሳምንት ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ሟች በሕይወት ዘመኑ ከቤተሰቡ ጋር ሁለት ኪራይ ቤት ቀይሯል፣ አንድ ጊዜም ከነምስማሩ ወድቆ በተአምር ተርፏል። ለወዳጅ ዘመዶቹ ሁሉ፣ በተለይም በእሱ እያሳበበ ዕድሜውን ሙሉ ሥራ ሲያረፍድ ለኖረው ለአባቴ፣ መጽናናትን እመኛለሁ።

ሐዘኑን ያጋነንኩ ከመሰላችሁ ሟቹን ስለማታውቁት ነው። ይህ ሰዓት ከዚህ በፊትም ብዙ ጊዜ ሞቶ ተነሥቷል። በየጊዜው የምትገድለው ደግሞ የገዛ እናቴ ነበረች። ወሬ አይደለም፣ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

እማዬ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሜትሮን ነበረች። ሜትሮን ማለት የነርሶች ሁሉ አለቃ ማለት ነው፤ ለእኔ ግን ያን ጊዜ ወገቧ ላይ ብዙ ቁልፍ እያላት በር የምታንኳኳ ሴት ማለት ነበር። ይሄ ነገሯ በጣም ያበሽቀኛል። ቁልፉ እጇ ላይ ነው፣ ክፍሉ የሆስፒታሉ ነው፣ እሷ ግን የሕሙማኑን በር ቆርቆር ታደርግና "መግባት ይቻላል?" ብላ ትቆማለች። "አይቻልም" ካሏት ደግሞ "እሺ፣ ቆይቼ እመጣለሁ" ትላለች። በልጅ ልቤ፣ እናቴ ማንም የማይፈራት አለቃ ናት ብዬ አፍርባት ነበር።

ትምህርት ቤታችን ከሆስፒታሉ ጋር በአጥር ይዋሰናል። ከክፍል ስወጣ እሷ እስክትጨርስ የመመገቢያ አዳራሹ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ። ዛሬ ቢሆን የሚፈቅድልኝ የለም። ያኔም የሚፈቅድልኝ አልነበረም፤ ግን የምትከለክለኝ እሷ ነበረች፣ እኔን የምታስቀምጥበት ቦታ ያጣችውም እሷው ነበረች።

ከበረንዳው ሆኜ ካየኋቸው ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ሁሉም "ቦክሰኛው" የሚሉት፣ በሩን በትከሻው የሚሞላ ሰውዬ፣ ወንድሙ ልጠይቅህ እመጣለሁ ብሎ ስለቀረበት አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበር ብድግ አድርጎ ከጭንቅላቱ በላይ ያዘ። ሁለት አዳዲስ ነርሶች ጮኹ። አንድ ጥበቃ እየሮጠ መጣ። እማዬ ከቢሮዋ ብቅ አለች፤ በእጇ ጥበቃውን "እዚያው" አለችው። አልቸኮለችም። እማዬ ስትቸኩል አይቻት አላውቅም፣ ዝናብ ቢመጣም አትቸኩልም።

"ውይ፣ ያን ወንበር አንተ አገኘኸው?" አለች ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ። "አንዱ ወንበር እግሩ ይነቃነቃል ብለውኝ ስፈልግ ነው የዋልኩት። እስቲ እሱ መሆን አለመሆኑን እይልኝ።"

ቦክሰኛው ቀና ብሎ የራሱን መሣሪያ አየ። "የቱ እግሩ?"

"የኋለኛው ይመስለኛል።"

ወንበሩን አወረደው። ገለበጠው። ነቀነቀው። "ይሄ ደህና ነው፣ ሲስተር።"

"ሌላኛውስ?"

የወንበሩ እግር ሁሉ ተመርምሮ ሲያልቅ ቦክሰኛው ወለሉ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እማዬም አጠገቡ ዘርፈጥ ብላለች። "ወንድምህ ቀረ፣ አይደል?" አለችው። ያ ግድንግድ ሰው እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። እሷም ወንበሩን እንደ ሦስተኛ ሰው መሃላቸው አድርጋ ተቀመጠች።

እኔ ምን አሰብኩ? "ሰው ሊፈነከት ነው፣ እሷ ስለ ወንበር እግር ትጨነቃለች!" ብዬ አሰብኩ። እማዬ ከሰው ይልቅ ለተበላሸ ዕቃ እንደምታስብ የወሰንኩት ያን ቀን ነው። በኋላ አዲሶቹን ነርሶች ጠርታ "እሱ ሲጮህ እናንተ ዝቅ በሉ። ሊሰማችሁ ከፈለገ ዝም ማለት አለበት" ስትላቸው ሰምቻለሁ፤ ግን እሱን ምክር እንደ ወንበሩ ነገር አልያዝኩትም። አሁን በአርታኢነት በምሠራበት ቢሮ ስብሰባ ሲጦፍ የምጠቀምበት እሱኑ ምክር ነው። ወንበር የሚያነሣ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢገጥመኝም ተዘጋጅቻለሁ።

በዚያው አዳራሽ፣ በመስኮቱ ጥግ፣ ብርድ ልብስ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው የሚቀመጡ አንድ ሰው ነበሩ። መሐንዲሱ ይሏቸዋል። መሐንዲስ አልነበሩም፤ ከመታመማቸው በፊት ሰዓትና ራዲዮ ይጠግኑ ነበር። ሆስፒታል ከገቡ ጀምሮ አንድ ቃል ሲወጣቸው የሰማ ሰው የለም። ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ መስኮቱን ያያሉ። መስኮቱ የሚያሳየው ደግሞ ሌላ ግድግዳ ነው።

አንድ ቀን ዋና ሐኪሙ በረንዳው ላይ፣ ከእኔ ደብተር አጠገብ ቆሞ እማዬን እንዲህ አላት፦

"ሲስተር፣ አልጋው በጣም ይፈለጋል። ሰውዬው አይናገር፣ አይሠራ፣ አይሻለው። ወደ ላይኛው ግቢ እናዛውረው።"

የላይኛው ግቢ ዛፍ የበዛበት፣ ጸጥ ያለ፣ ሰው ሲገባበት እንጂ ሲወጣበት የማይታይ ቦታ ነው።

"ትንሽ ጊዜ ስጠኝ፣ ዶክተር" አለች እማዬ።

"ምን ልታደርጊለት?"

"ባለፈው የአዳራሹ ሰዓት የቆመ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው ሄደው አዩት። ማንም ሳይቀሰቅሳቸው።"

"እና?"

"እናማ ሰዓት ሲቆም ይነሣሉ ማለት ነው።"

ዋና ሐኪሙ ሳቀ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ አልጋ የጠበበው ሰው ነበር። "የግምገማ ኮሚቴው ሲመጣ እናያለን" ብሎ ሄደ። እኔ ከዚህ ሁሉ ንግግር የገባኝ አንድ ነገር ነው፦ የማይሻለው ሰው የላይኛው ግቢ ይወሰዳል።

በዚያው ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ቤት ቀረሁ። ከሰዓት በኋላ ከመኝታ ቤት መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ሳሎኑን ሳይ፣ ለምሳ የመጣችው እማዬ ወንበር ላይ ወጥታ ሰዓቱን ስታወርድ አየሁ። ፎጣ አነጠፈች። ሰዓቱን እንደ ሕፃን በሆዱ አስተኛችው። በአባቴ ጠመንጃ መፍቻ ጀርባውን ከፈተች፣ በቅንድብ መንቀያዋ ከውስጡ የሆነ ነገር ነካ፣ ጠምዘዝ አደረገች። ሰዓቱ ቀጭ ማለቱን ተወ። እማዬ ጆሮዋን ጣል አድርጋ አዳመጠችና፣ መሞቱን አረጋግጣ፣ ፈገግ አለች። ከዚያ ዘግታ፣ አቧራውን ጠርጋ፣ መልሳ ሰቀለችው። እያንጎራጎረች ወጣች።

ማታ አባቴ ቀና ብሎ "ሰዓቱ ቆሟል እኮ!" አለ።

"ኧረ! በል እንጂ!" አለች እማዬ። ደረቷን ይዛ ነው ያለችው። እንዲህ ያለ መደነቅ በሕይወቴ አላየሁም። "ምን ነካው? ደህና አልነበር እንዴ ጠዋት? በቃ ነገ ይዤው እሄዳለሁ፣ የሚያይልኝ ሰው አለ።"

ይህቺ ሴት ያደረገችውን አታውቅም።

ታላቅ ወንድሜን፣ መነጽር ሳያደርግ መነጽር ያደረገ ስለሚመስል "ፕሮፌሰሩ" የምንለውን፣ ጓሮ ወስጄ ነገርኩት። አገጩን አሸት አሸት አደረገና ምርመራውን አወጀ።

"ተጋብቶባት ነው።"

"ምኑ?"

"በሽታው ነዋ። ጉንፋን እንዴት ያዘሽ አንቺ? አጠገብሽ ከምትቀመጠው ልጅ አይደል? እማዬስ ከማን ጋር ነው የምትውለው?"

"ታዲያ ለሐኪሙ እንንገር?"

"እብድ ነሽ? ወደ ላይኛው ግቢ ሊወስዷት?"

በሽታው እንደማይጋባ ዛሬ የሚያውቀው እሱ ራሱ ነው፤ አሁን በእውነት ፕሮፌሰር ሆኗል፣ በአፈር ጥናት። ያኔ ግን ሁለታችንም ቃል ገባን፦ እማዬን እንሸፍናታለን፣ ማንም አያውቅም፣ እስኪሻላት ድረስ።

አልተሻላትም። ሰዓቱ በነጋታው ተሠርቶ መጣ፤ ወዲያው ካውያው ሞተ። ካውያው ዳነ፤ ዣንጥላው አልከፈት አለ። ዣንጥላው ሲከፈት የሳጥኑ ቁልፍ ተቆልፎ ቀረ። በመጨረሻ የአባቴ መነጽር አንዱ ክንፉ ተገንጥሎ ተገኘ፤ አባቴ አንድ ቀን ሙሉ መነጽሩን በእጁ ይዞ ሲያስተምር ዋለና ማታ "ይሄ ቤት አንድ ነገር አለበት" አለ። እማዬን አየት አደረጋት። እሷ ጎንበስ ብላ ሻይ ቀዳች። አባቴ ያወቀው ያን ማታ መሆኑን በቅርቡ ነግሮኛል። "መነጽሬን ስትነካ ጉዳዩ ከባድ እንደሆነ ገባኝ፤ ካወቅኩ ደግሞ መጠየቅ አያስፈልገኝም" ነው ያለኝ።

ይባስ ብሎ በሽታው ወደ ነርሶቹ ተዛመተ። አንድ ጠዋት በሆስፒታሉ በር ሳልፍ፣ አንዱ ወጣት ነርስ ከዛፍ ጀርባ ቆሞ አዲስ የእጅ ባትሪ በጥርሱ ሲፈታ አየሁት። ሌላዋ የልጇን አሻንጉሊት መኪና ጎማ እየነቀለች ነበር፣ ዘወር ዘወር እያለች፣ እንደ ሌባ። ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ስደርስ መሐንዲሱ ፊት ሰልፍ ተይዟል፤ ነርስ ሁሉ የየራሱን ጉድ ታቅፎ "ጋሼ፣ ይሄን እስቲ ይዩልኝ፣ ምን እንደነካው አላውቅም" ይላል። መሐንዲሱ አይመልሱም። እጃቸውን ዘርግተው ይቀበላሉ፤ ከፍተው ያያሉ፤ ይጠግናሉ። ብርድ ልብሱ ከትከሻቸው ወርዶ ጉልበታቸው ላይ ሆኗል።

እኔ ያየሁት ወረርሽኝ ነው። የነበረው ደግሞ የሥራ ትእዛዝ ነው።

እውነቱን ያወቅኩት ብዙ ቆይቶ፣ ጋሼ መሐንዲስ ራሳቸው "ንገሯት" ካሉ በኋላ ነው፤ እማዬ የታማሚ ነገር ከሆስፒታሉ በር አታሳልፍም። የምር የተበላሸ ዕቃ በየቤቱ ሞልቶ ለምን ደህናውን ትገድያለሽ? ብዬ ጠየቅኳት። "የምር የተበላሸ ነገር አንዳንዴ አይጠገንም" አለችኝ። "መጀመሪያ መሸነፍ አልነበረባቸውም።" ስለዚህ መጠነችው፤ መድኃኒት እንደሚመጠን። ቀላል ጀመረች፣ እጃቸው እየሞቀ ሲሄድ ጨመረች፣ የተንቀጠቀጡ ቀን ቀነሰች። ጠመንጃ መፍቻውን ጠዋት በእጇ ትሰጣቸዋለች፣ ማታ በእጇ ትቀበላቸዋለች። ለነርሶቹም በየፈረቃው ማን ምን አበላሽቶ እንደሚመጣ ትመድብ ነበር። አለቃ ብዙ አይቻለሁ፤ የሠራተኞቹን ዣንጥላ ለሥራ የሚያሰብር አለቃ ግን ከእሷ ሌላ አላየሁም፤ ማንም አላጉረመረመባትም።

ይህን ሁሉ ሙያ የተማረችው ከአንድ የገበያ ራዲዮ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ገብታ "እንዴት እንደሚሠራ አይደለም የምፈልገው፤ እንዴት እንደሚበላሽ አሳየኝ፣ ግን በቀላሉ የሚመለስ ይሁን" አለችው። ሰውዬው በትሕትና ካሳያት በኋላ ለጎረቤቱ "ምስኪን፣ ከዚያ ከሆስፒታሉ አምልጣ የመጣች መሰለችኝ፤ ግን ጨዋ ናት" አለ። እማዬ ይሄን ታሪክ ስታወራ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ደረሰ። ትምህርት ዝግ ስለነበረ እኔና ፕሮፌሰሩ ቤት ነበርን። ጠዋት እማዬ ራዲዮናችንን ገልብጣ ከድምፅ ማጉያው የሚመጣውን ሽቦ ነቀለች፣ ዘግታ ቅርጫት ውስጥ አስቀመጠች፣ ፊቷን ልትታጠብ ገባች። እኛ ከመጋረጃው ጀርባ ተያየን።

"ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ ብላለች" አልኩት። "እነሱ ፊት ተበላሸ ብላ ካሳየች በቃ ይይዟታል።"

"እንመልሰው" አለ ፕሮፌሰሩ።

ከፈተው። ሽቦውን ቦታው ላይ አደረገው፤ አልቆም አለ። ፊቴን አየ። "የምታኝኪውን ስጪኝ" አለኝ። ማስቲካዬን ከአፌ አውጥቼ ሰጠሁት። ለእናቴ ስል ከዚያ በላይ ከፍዬ አላውቅም፤ ገና ጣፋጭ ነበር።

ቅርጫቱን ያዝኩላትና አብሬያት ሄድኩ። አዳራሹ ተወልውሏል። ዋና ሐኪሙ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ባለ ከረባቶችና አንዲት ወፍራም ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴትዮ ቆመዋል። ነርሶቹ በግድግዳው ሥር ተሰልፈዋል፤ ቦክሰኛው ሳይቀር ሸሚዙን ቆልፏል። ዛሬ መሐንዲሱ ወይ የሚሠራ ሰው መሆናቸው ይታያል፣ ወይ ከሰዓት በኋላ ወደ ላይኛው ግቢ ይሄዳሉ። ይሄንን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቃል።

እማዬ ራዲዮውን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ራዲዮናችን ዝም አለብን። ከትናንት ጀምሮ ትንፍሽ አይልም። ይኸው፣ ይመልከቱ" ብላ አዞረችው።

"— ቀይ ሽንኩርት ከባለፈው ሳምንት ጋር ሲነጻጸር መጠነኛ ቅናሽ ያሳየ ሲሆን፣ ድንች ግን —" አለ ራዲዮው፣ ጣሪያው እስኪነቃነቅ።

እማዬ ደነገጠች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትቸኩል አየኋት፤ ቸኩላም አቅጣጫ ተሳሳተችና ድንቹ ከሽንኩርቱ በላይ ጮኸ። ከባለ ከረባቶቹ አንዱ ሳል መሰል ሳቅ አመለጠው። ዋና ሐኪሙ "ዝም ያለው ይሄ ነው?" አለ። እኔ በኩራት አብጫለሁ፤ አዳንኳት እኮ! ግን ፊቷን አየሁት። የዳነ ሰው ፊት አልነበረም።

ያኔ መሐንዲሱ እጃቸውን ዘረጉ። ራዲዮውን አጠፉት። በቀስታ ገለበጡት፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱ፣ ክዳኑን አነሡ። ውስጡን አዩ። ማስቲካውን አዩ። ከዚያ ዓይናቸውን አንሥተው እኔን አዩኝ፤ ያለ ማስቲካ በልማድ ሲያኝክ የነበረው መንጋጋዬ መሥራቱን አቆመ። ጎንበስ ብለው ማስቲካውን በጥፍራቸው ላጥ አደረጉና ሽቦውን ነቀሉት። መልሰው አዞሩት። ራዲዮው ጭጭ።

"ተበላሽቷል" አሉ።

ድምፃቸው እንደ ዛገ ማጠፊያ ነው የወጣው። አንዲት ነርስ አፏን በእጇ ከደነች። ዋና ሐኪሙ እንኳ ድምፁን ረስቶ ሹክ አለ፦

"አሁን... አሁን ሲሠራ አልነበረም እንዴ?"

"ሲስተር ተበላሽቷል ካሉ ተበላሽቷል" አሉ መሐንዲሱ። "አሁን እሠራዋለሁ።"

ሠሩትም። ባለ ቦርሳዋ ሴትዮ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና "ከባድ ነው?" ብላ ጠየቀች። "ሽቦው ቀላል ነው፤ ማስቲካው ነው ያስቸገረኝ" አሏት። ሴትዮዋ ሳቀች። ነርሶቹ ሳቁ። ቦክሰኛው ለምን እንደሚሳቅ ሳይገባው ከሁሉም በላይ ሳቀ። እማዬ ብቻ አልሳቀችም፤ መስኮቱ ጋ ሄዳ ያንን ምንም የማያሳይ ግድግዳ ለረጅም ጊዜ አየችው።

የላይኛው ግቢ ነገር በዚያው ቀረ። አዳራሹ አጠገብ ያለው ዕቃ ቤት ተጠርጎ የጥገና ክፍል ሆነ፤ እስካሁን አለ ይባላል። መሐንዲሱ ሌላም ክፉ ጊዜ አሳልፈዋል፣ መድኃኒታቸውን ዛሬም ይወስዳሉ፤ ግን ውለው አድረው ወደ እህታቸው ቤት ተመለሱ፤ ከቤቱ በታች ባለችው መንገድም ትንሽ ሱቅ ከፈቱ።

ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ እማዬ መንገድ ላይ ቆማ "ማስቲካው የማን ነው?" አለችኝ።

ፈነዳሁ። "እንዳይወስዱሽ ብዬ ነው! ሰዓቱን ስትገድይው አይቼሻለሁ! ፕሮፌሰሩ ተጋብቶባት ነው ብሏል! ለማንም አልተናገርንም!"

እማዬ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። መጀመሪያ የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅ ነው። ጭንቅላቴን ጉያዋ ውስጥ አስገብታ "አልታመምኩም፣ የእኔ ጀግና" አለችኝ። "ሥራ ላይ ነኝ።" ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልጨመረችም፤ የሰው ጉዳይ ነዋ።

ባለፈው ሳምንት ሟቹን ሰዓት በጋዜጣ ጠቅልዬ ወደ ሱቃቸው ወሰድኩት። ጋሼ መሐንዲስ ፀጉራቸው ነጭ ሆኗል፤ እጃቸው ግን ያው ነው። ይሄን ታሪክ ልጽፍ ፈቃድ ስጠይቃቸው "ጻፊ፣ ብቻ ማስቲካውን እንዳትረሺ" አሉኝ። ሰዓቱን ከፍተው በአጉሊ መነጽር ብዙ ጊዜ አዩት።

"ይሄ በራሱ ነው የሞተው" አሉ። "የእናትሽ እጅ የለበትም።"

እማዬ ጡረታ ወጥታም፣ ጋሼ ያወቁብኝ የራዲዮው ቀን ነው፣ ከዚያ በፊት ጠርጥረው አያውቁም እያለች ትምላለች።

"ጋሼ፣ የእሷን እጅ ለይተው ያውቁታል ማለት ነው?"

ሰዓቱን ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት።

"ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ያውቁ ነበር?"

አቧራውን እፍ አሉት።

"ካወቁ ታዲያ ለምን ዝም ብለው ጠገኑላት?"

አጉሊ መነጽሩን ከዓይናቸው አወረዱና ክዳኑን መግጠም ጀመሩ።

"አልነግርሽም" አሉ።